ዓሣው ነው ወይስ ማዳበሪያው? የዓሣ እርባታ ያለበትን ሐይቅ በሳተላይት መከታተል

ያደግሁት ሐረር ነው። ልጅ ሆኜ የቤታችን ቧንቧ ውሃ ከሀረማያ ሐይቅ ይመጣ ነበር። እያደር ቧንቧው በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ ሆነ፤ በመጨረሻ ዝም አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቋ ደረቀች። እናቴ ጀሪካን አሰልፋ የምትውልበትን ጊዜ አልረሳውም። ወደ ድሬ ስንወርድ፣ ውሃ የነበረበት ሜዳ ላይ ከብት ሲግጥ በሚኒባሱ መስኮት አይ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ካርታ መሥራት ተማርኩ። አንድ ቀን የድሮ የሳተላይት ምስሎችን ከፈትኩ። ሀረማያ ከምስል ወደ ምስል ስትጠብ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች ምድርን ማንሳት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እኛ ጀሪካን ስናሰልፍ እነሱ ከላይ ያነሱ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሁን ሀረማያ ውሃ መልሳ ይዛለች። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ። ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁመዋል፤ ሐይቁ ላይ ኬጅ ተክለው ቆሮሶ ማርባት ይፈልጋሉ። «አቦ፣ አንቺ ካርታ ትሠሪ የለ? ውሃውን እንደማናበላሽ የሚያሳይ ነገር ሥሪልን» አለኝ። «እንደማታበላሹ አስቀድሜ ማሳየት አልችልም» አልኩት። «መበላሸት ከጀመረ ግን ቶሎ እናውቃለን። እሱም ዛሬውኑ ከጀመርን ነው።»

ለእሱ ያሳየሁትን ነው እዚህ የምጽፈው። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ሰው፣ ፕሮግራም መጻፍ ባይችልም፣ ሊሠራው ይችላል።

ኬጅ ሐይቁን የሚጎዳው በምን በኩል ነው?

ኬጅ ማለት ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለ የመረብ ቤት ነው። ዓሣው እዚያው ተዘግቶ መኖ ይጣልለታል። አንድ ቶን ቆሮሶ ለማሳደግ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቶን ተኩል እስከ ሁለት ቶን መኖ ያስፈልጋል። መኖው ውስጥ ፎስፎረስና ናይትሮጂን አለ። ከፎስፎረሱ ዓሣው ሥጋና አጥንት የሚያደርገው ግማሹን እንኳ አይሆንም። ሌላው በኩስና ባልተበላ መኖ መልክ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል።

ፎስፎረስ ለአልጌ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርጉት ጥቃቅን ነገሮች፣ ልክ ለበቆሎ ማሳ እንደሚጨመር ማዳበሪያ ነው። አልጌው ይበዛል፤ ውሃው ይለመልማል። ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን መልሶ ይወስዳል። የሞተው ደግሞ ወደ ታች ወርዶ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ ዓሣ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ነው። ኬጅ ውስጥ ያለ ዓሣ ደግሞ ወደተሻለ ውሃ መሸሽ አይችልም። ሐይቁን የሚጎዳው ነገር መጀመሪያ የሚገድለው የራሱን የአርቢውን ዓሣ ነው። የአክስቴን ልጅ ያሳመነውም ይሄ ነው።

ሳተላይት ምን ያያል?

ፎስፎረስን አያይም። ኦክስጅንንም አያይም። ይህን ከመጀመሪያው ልብ በሉ፤ ባለቀለም ካርታ አይቶ «ኦክስጅኑ እዚህ ጋ አልቋል» የሚል ሰው አታምኑ። ሳተላይት የሚያየው ከውሃው የሚመለሰውን ብርሃን ነው። ከዚያ በመነሳት ውሃው ምን ያህል ስፋት እንደያዘ፣ ምን ያህል እንደደፈረሰ፣ ምን ያህል አልጌ እንዳለበት መገመት ይቻላል። ላንድሳት 8 እና 9 የውሃውን የላይኛውን ሙቀትም ይለካሉ።

ለእኛ ሥራ ዋናው መሣሪያ የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 2 ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 ወደ ሕዋ ወጡ፤ በ2024 የወጣው ሦስተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ተክቷል። ሁለት ሁለት ሆነው ተጋግዘው በየ5 ቀኑ እኛ ላይ ያልፋሉ። አንዱ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ አንዳንዶቹ ባንዶች (ለየብቻ የሚነሱት የብርሃን ቀለሞች) ግን 20 ሜትር ናቸው። ምስሎቹን በነፃ ለማግኘት ኮፐርኒከስ ብራውዘር ላይ አካውንት መክፈት ብቻ ይበቃል። የወረዱትን ለመሥራት ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባል የካርታ ፕሮግራም አለ፤ እሱም ነፃ ነው።

ምስሉ የሚነሳው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ፋይሉ ላይ ግን ሰዓቱ በግሪንዊች፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው የሚጻፈው። 07:40 ካለ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 ማለት ነው። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉ። የማኅበሩ ልጆች መዝገባቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዘው፣ እኔ በፈረንጅ ይዤ፣ ለማዛመድ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ኬጁ ሳይገባ በፊት ጀምሩ

ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙ። ኬጅ ከገባ በኋላ የተነሳ ምስል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ውሃው አረንጓዴ ነው እንበል። ድሮም አረንጓዴ ቢሆንስ? ለዚህ የ«በፊት» ምስል ያስፈልጋል። ደግነቱ ሴንቲኔል ከ2015 ጀምሮ ያነሳው መዝገብ ላይ ስላለ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል።

እኔ እንዲህ አደረግኩ። ከኅዳር እስከ ጥር ያሉትን የበጋ ወራት መረጥኩ፤ ሰማዩ ስለሚጠራና ጎርፍ ስለማይገባ። ከየዓመቱ በጋ ደመና የሌለባቸውን ምስሎች ሁሉ ሰበሰብኩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው አያስቀርብም። ለክረምቱ የውሃውን ስፋት ብቻ ለማወቅ ሴንቲኔል 1 ይረዳል፤ ራዳር ስለሆነ ደመናን አልፎ ያያል። የውሃ ቀለም ግን አይለይም።

ከ2015 በፊት ያለውን የሐይቁን ታሪክ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የዓለም የገጸ ምድር ውሃ ካርታ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የተነሱትን የላንድሳት ምስሎች አጥንቶ፣ ውሃ የነበረበትንና የጠፋበትን ቦታ በቀለም ያሳያል። የሀረማያን ታሪክ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ እዩት። ኬጅ ለመትከል የሚያስብ ሰው፣ የሚተክልበት ቦታ በድርቅ ዓመት ምን ይሆን እንደነበር ማወቅ አለበት።

ውሃውን ከመሬት መለየት

ኪውጂአይኤስ ውስጥ የራስተር ማስሊያውን (በየፒክስሉ ቁጥር ላይ ሒሳብ የሚሠራውን፣ Raster Calculator) ክፈቱ። ቀመሩ ቀላል ነው። ባንድ 3 ላይ ባንድ 8ን ቀንሱ። ያንን ለባንድ 3 እና ባንድ 8 ድምር አካፍሉ። ውሃ አረንጓዴ ብርሃንን በመጠኑ ይመልሳል፤ ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ታህተ ቀይ (ኢንፍራሬድ) ግን ይውጠዋል። ስለዚህ ውጤቱ ከዜሮ በላይ የሆነው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። «ብዙውን ጊዜ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ የደመና ጥላም ውሃ መስሎ ይወጣል። አንዴ ጥላ ቆጥሬ ሐይቋን በአንድ ሳምንት ውስጥ አስፍቻታለሁ። የተፈጥሮ ቀለሙን ምስል ጎን ለጎን ከፍታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ዳርቻውን ቁረጡ። ሁለት ባለ20 ሜትር ፒክስል፣ ማለትም 40 ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ። ዳር ያለው ፒክስል ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ጫት ወይም ደንገል ነው። የጫቱ ቅጠል በምስሉ ላይ አልጌ ይመስላል። ሀረማያ ዙሪያ ደግሞ ጫቱም፣ ድንቹም፣ ሽንኩርቱም ውሃው ድረስ ወርዶ ነው የተተከለው። ዳርቻውን ሳትቆርጡ ከለካችሁ የምትለኩት ጫት ነው።

ሀረማያ ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር ላስጠንቅቃችሁ። ሐይቋ 42 ዲግሪ ምሥራቅ የሚባለው መስመር ጫፍ ላይ ናት። ያ መስመር ዩቲኤም በሚባለው የካርታ አከፋፈል የዞን 37 እና የዞን 38 ድንበር ነው። አንዱ ቦታ በሁለት የተለያየ ፋይል ሊመጣላችሁ ይችላል። አንዱን ዞን ምረጡና እስከ መጨረሻው እሱን ብቻ ተጠቀሙ።

አልጌውን መለካት

አሁን ባንድ 5 እና ባንድ 4ን ውሰዱ። ባንድ 5 ላይ ባንድ 4ን ቀንሱ፤ ለድምራቸው አካፍሉ። አልጌን አረንጓዴ የሚያደርገው ክሎሮፊል ቀይ ብርሃንን ይውጣል፤ ትንሽ አለፍ ሲል ደግሞ ብርሃኑ ይመለሳል። አልጌ ሲበዛ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ይህ ዘዴ ደፍራሳ ውሃ ላይም ከሌሎቹ ይሻላል፤ ለእኛ አገር ሐይቆች የምወደውም ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሥራውን ስጀምር ምስሎቹን አውርጄ በተከታታይ አሰላኋቸው። ከ2022 መጀመሪያ በኋላ አልጌው በአንዴ ወረደ። ደስ አለኝ። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ «ሐይቋ እየጠራች ነው» አልኩት። እሱም ለጓደኞቹ ነገራቸው። ኋላ ነው የገባኝ። እ.ኤ.አ. ከጥር 25 ቀን 2022 ጀምሮ ፋይሎቹ የሚዘጋጁበት መንገድ ተቀይሯል፤ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ 1000 ይደመራል። ያንን ሳትቀንሱ ካካፈላችሁ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሐይቋ አልጠራችም ነበር። መልሼ ደወልኩ፤ ያን ስልክ መደወል ከበደኝ።

ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ የተዘጋጀ ፋይል ስታወርዱ መጀመሪያ ከየባንዱ 1000 ቀንሱ። ምስሉን ሳታወርዱ ኢንተርኔት ላይ የምትሠሩበትን ጉግል ኧርዝ ኢንጂን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይህ የተስተካከለበት ስብስብ ለብቻው አለ፤ እሱን ምረጡ።

ሌላው ደግሞ የከባቢ አየር እርማት፣ ማለትም አየሩ በብርሃኑ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማስተካከል ነው። ተስተካክሎ የሚመጣው ፋይል የተሠራው በዋናነት ለየብስ ነው። ለውሃ ተብሎ የተሠራ አኮላይት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የትኛውንም ብትመርጡ ለሁሉም ምስሎች አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ነጠላ ቁጥሩን አትመኑት፤ ለውጡን ነው የምትከታተሉት።

ጥፋተኛውን መለየት

ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄንኑ ነው። ሐይቁ አረንጓዴ ሆነ እንበል። ከኬጁ የመጣ ነው ወይስ ከማሳው ታጥቦ ከገባው ማዳበሪያ? የከተማ ፍሳሽስ? ሁሉም ያው ፎስፎረስ ነው። ሳተላይቱ አይለይም። እናንተ ናችሁ በብልሃት የምትለዩት።

አንደኛው ብልሃት ቅርብና ሩቅ ነው። በኬጁ ዙሪያ 200 ሜትር ክብ ሥሩ። ሌላ ተመሳሳይ ክብ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ተመሳሳይ ጥልቀት ላይ ሥሩ። የሁለቱን ልዩነት በየምስሉ መዝግቡ። ከጎርፍ የመጣ ከሆነ አረንጓዴው የሚጀምረው ጎርፍ ከሚገባበት አፍ ነው፤ ከዝናብ በኋላም ይበረታል። ከኬጁ ከሆነ በበጋም፣ ጎርፍ በሌለበትም፣ ኬጁ አካባቢ ይጠነክራል።

ግን ሀረማያን የመሰለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ውሃው ሁሉ ይደባለቃል። የቅርቡና የሩቁ ልዩነት በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ልዩነት አላየሁም ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ በሐይቁ ሁሉ ተሰራጭቶ ይሆናል።

ሁለተኛው ብልሃት እህት ሐይቅ መያዝ ነው። ከደንገጎ ወደ ሀረማያ ስትሄዱ አደሌ አለች። ዝናቡ ያው ነው፤ ሙቀቱ ያው፤ እርሻውም ያው። ኬጅ ግን አይገባባትም። ሁለቱንም ሐይቆች በአንድ ቀን ምስል ለኩ። ለምሳሌ ያህል፣ ኬጅ ከገባ በኋላ የሀረማያ ቁጥር በ0.08 ከፍ ቢል፣ የአደሌም በ0.06 ከፍ ቢል፣ አብዛኛው የዓመቱ ጠባይ ነው። አደሌ ባለችበት ቆማ ሀረማያ ብቻዋን ከፍ ካለች ግን ኬጁን ጠርጥሩ። አደሌ አነስተኛ ስለሆነች ዳርቻው ሲቆረጥ ጥቂት ፒክስል ነው የሚቀረው። ውሃዋ የሸሸበትን ቀን ከሒሳቡ አውጡት።

ሦስተኛው የመኖ መዝገብ ነው። በየቀኑ ስንት ኪሎ መኖ ተጣለ? ይህን ካልመዘገባችሁ ሳተላይቱ ምንም አይረዳችሁም። የአክስቴን ልጅ በጠየቅኩት ጊዜ «ይሄማ የኛ ጉዳይ ነው» አለኝ። «ያለ መዝገብ እኔ የለሁበትም» አልኩት። አሁን ደብተሩን አሰምሮ አዘጋጅቷል። መኖው ሲጨመር ቁጥሩ ከሳምንታት በኋላ የሚከተል ከሆነ፣ መኖው ሲቀነስም የሚወርድ ከሆነ፣ ያኔ የሚያዝ ነገር አገኘን ማለት ነው። በዚያ ላይ ተንሳፋፊ መኖ ይሻላል፤ ዓሣው መብላት ሲያቆም ስለሚታይ መጣሉን ማቆም ይቻላል።

ኬጁን ራሱን ማየት

ትንንሾቹ ኬጆች 2 ሜትር በ2 ሜትር ናቸው። በአንድ የሴንቲኔል ፒክስል ውስጥ 25 ይገባሉ። አንዱን ለብቻ አታዩትም፤ በረድፍ ሲሆኑ ነው ፈዘዝ ያለ ነጥብ የሚታየው። ለመቁጠር ጉግል ኧርዝ ፕሮን ክፈቱና የድሮ ምስሎችን የሚያሳየውን የሰዓት ምልክት ተጫኑ። ራዳር ላይ ደግሞ የብረት ፍሬም ያላቸው ጥቁሩ ውሃ ላይ ነጭ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ።

ለልምምድ ሀረማያን አትጠቀሙ፤ የሚታይ ኬጅ ያለበት ሐይቅ ይሻላል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በኬንያ በኩል፣ ሲያያ የሚባለውን አውራጃ ዳርቻ ተከትላችሁ ሂዱ። ኬጆቹ በረድፍ በረድፍ ናቸው። ጋና ውስጥ ቮልታ ሐይቅ ላይም ከአኮሶምቦ ግድብ አካባቢ ትልልቅ እርባታዎች አሉ። እኔ ዓይኔን ያሠለጠንኩት እዚያ ነው። ሲያያ ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ኬጅ ስቆጥር ውዬ፣ ዓመቱን ወደ ኋላ እየመለስኩ ኬጅ ያልነበረበትን ጊዜ ሳይ፣ ነገሩ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያድግ ገባኝ።

ውሃው ድረስ ሂዱ

ምስል ብቻውን አይበቃም። ከቀለም ባልዲ ክዳን ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቁረጡ። አራት ቦታ ከፍላችሁ ነጭና ጥቁር ቀቡት። ከሥሩ ክብደት እሰሩ፤ ከላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለበት ገመድ። ሴኪ ዲስክ የሚባለው ይሄ ነው፤ ጣሊያናዊው አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የሞከረው። ከጀልባ ላይ በጥላ በኩል ወደ ውሃው ልቀቁት። ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ጻፉ። አልጌ ሲበዛ ቶሎ ይጠፋል።

ይህን ሳተላይቱ በሚያልፍበት ቀን፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ አድርጉት። ቦታውን በስልካችሁ ጂፒኤስ ያዙ። አምስት ነጥብ ይበቃል። የኦክስጅን መለኪያ የምትዋሱበት ቦታ ካለ ግን በሌላ ሰዓት ተጠቀሙበት፤ ጎህ ሳይቀድ። ሳተላይቱ በሚያልፍበት ሰዓት አልጌው ፀሐይ አግኝቶ ኦክስጅን መስጠት ጀምሯል። የሌሊቱን ችግር የሚያሳየው ንጋት ላይ የተለካው ነው።

ጥልቅ ሐይቅ ላይ የምትሠሩ ደግሞ የብርዱን ወራት ተጠንቀቁ። የቢሾፍቱ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ብርድና ነፋስ ሲመጣ ከታች ያለው ኦክስጅን የሌለው ውሃ ወደ ላይ ይገለበጣል፤ ዓሣም ይሞታል። ያ ኬጅ በሌለበትም ይሆናል። የላንድሳትን የሙቀት ምስል የምከታተለው ለዚህ ነው፤ የላይኛው ውሃ በቶሎ ሲቀዘቅዝ አርቢው መኖ መቀነስ አለበት።

የአክስቴ ልጅ ማኅበር ኬጁን ገና አልተከለም። የሁለተኛውን በጋ ምስሎች እየሰበሰብን ነው። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጹ ላይ «መኖ፦ 0 ኪሎ» ይላል፤ ከሥሩ የአምስቱ ነጥቦች የዲስክ ጥልቀት አለ። ሴንቲኔል ቀጥሎ የሚያልፈው ቅዳሜ ነው። ከድሬ በ12 ሰዓቱ ሚኒባስ እወጣለሁ፤ እሱ ጀልባውን ይዞ ይጠብቀኛል።